ብሪታንያ ውስጥ ቴኒስ በቴሌቪዥን ለማየት፦ ቢቢሲ፣ ቲኤንቲ ወይስ ስካይ?

ብሪታንያ ውስጥ ግራንድ ስላም የሚባሉትን አራቱንም ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች የሚያሳይ አንድ ጣቢያ የለም። የለንደኑ ዊምብልደን ቢቢሲ ላይ ነው። የአውስትራሊያ ኦፕን እና የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ቲኤንቲ ስፖርትስ ላይ ናቸው። የኒውዮርኩ ዩኤስ ኦፕን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩት የወንዶችና የሴቶች ውድድሮች ጋር ስካይ ስፖርትስ ዘንድ ነው። ሦስቱንም ዓመቱን ሙሉ ይዞ መቆየት ለአብዛኛው ተመልካች በከንቱ የሚፈስ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ የትኛውን ውድድር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዕቃ እንደምታዩ ወስኑ፤ ከዚያ በወር ወይም በቀን እየከፈላችሁ ግቡ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ውጡ።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ የብሪታንያ ሲሆኑ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ቀርበዋል። ዋጋዎቹ በ2025 የነበሩ ናቸውና ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ አረጋግጡ።

ረጅም ውል የማይመከርበት ምክንያት

ለቴኒስ ብሎ የ18 ወይም የ24 ወር ውል የፈረመ ሰው ብዙ ጊዜ ውሉ ሳያልቅ ውድድሩ ከእጁ ይወጣል። የስርጭት መብቱ በየጥቂት ዓመቱ ባለቤት ይቀይራልና። ዩኤስ ኦፕንን ብቻ እንይ። እስከ 2015 ስካይ ላይ ነበር። በ2016 ወደ ዩሮስፖርት ሄደ፣ በ2018 አማዞን ፕራይም ወሰደው፣ በ2023 ተመልሶ ስካይ ገባ። ሮላን ጋሮስም እንዲሁ ነው፦ እስከ 2011 ቢቢሲ፣ ከ2012 እስከ 2021 አይቲቪ በነፃ ያሳዩት ነበር። ከ2022 ጀምሮ በክፍያ ብቻ ሆነ። የወንዶቹ የቱር ውድድሮች በ2019 ከስካይ ወደ አማዞን ተሻገሩ፤ በ2024 ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ወደ ስካይ ተመለሱ።

ጣቢያዎቹ ራሳቸውም ስም ይቀይራሉ። ዛሬ ቲኤንቲ ስፖርትስ የሚባለው እስከ ጁላይ 2023 ቢቲ ስፖርት ነበር። ለአውስትራሊያ ኦፕንና ለሮላን ጋሮስ የለመድነው ዩሮስፖርት በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ብሪታንያ ውስጥ ተዘግቶ ወደ ቲኤንቲ ተጠቃሏል። ይህ ለተመልካች ትልቅ ዱላ ነበር፦ በዲስከቨሪ ፕላስ መተግበሪያ በወር 6.99 ፓውንድ ይታይ የነበረው ቴኒስ በአንድ ጊዜ 30.99 ሆነ።

ከዚህ ሁሉ መዞር የተረፈው ዊምብልደን ብቻ ነው። ቢቢሲ በሬድዮ ማስተላለፍ የጀመረው በ1927፣ በቴሌቪዥን ደግሞ በጁን 1937 ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አይቲቪም ጎን ለጎን ያሳይ ነበር፤ ከ1968 ወዲህ ግን ቢቢሲ ብቻውን ቀረ። ዴቪድ አተንቦሮ ይመሩት የነበረው ቢቢሲ ቱ የብሪታንያን የመጀመሪያ የቀለም ስርጭት ጁላይ 1 ቀን 1967 የከፈተውም ከዊምብልደን ሜዳ ነው። ኳሱ ያኔ ነጭ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በቴሌቪዥን ጎልቶ ይታይ ብሎ ቢጫውን የፈቀደው በ1972 ሲሆን ዊምብልደን ነጩን እስከ 1986 አልተወም።

ስለ ሕጉ ብዙ ሰው የሚያወራው ትክክል አይደለም። ለመላው ሕዝብ መድረስ አለባቸው ተብለው የተመዘገቡ የስፖርት ዝግጅቶች አሉ፤ ዝርዝሩ በ1996ቱ የብሮድካስቲንግ ሕግ ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ምድብ ውስጥ ያሉት የዊምብልደን ፍፃሜዎች ብቻ ናቸው፤ የእነሱ የቀጥታ ስርጭት በነፃ ለሚታዩ ጣቢያዎች መቅረብ አለበት። ከፍፃሜ በፊት ያሉት ቀናት ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ስለሆኑ፣ የተመረጡ ክፍሎቻቸው በነፃ እስከታዩ ድረስ፣ ቀጥታው ለክፍያ ጣቢያ ሊሸጥ ይችላል። አሁን ሁለቱን ሳምንት ሙሉ በነፃ የምናየው ቢቢሲ እስከ 2027 ውል ስላለው ነው። የሌሎቹ ሦስት ግራንድ ስላሞች ፍፃሜ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አልፎ አልፎ ግን በር ይከፈታል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2021 ብሪታንያዊቷ ኤማ ራዱካኑ ለዩኤስ ኦፕን ፍፃሜ ስትደርስ ቻናል 4 ከአማዞን ጋር ተስማምቶ ጨዋታውን በነፃ አሳየ፤ በከፍተኛው ደቂቃ 9.2 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። እንዲህ ያለው የሚሆነው ብሪታንያዊ ተጫዋች ፍፃሜ ሲደርስ ነውና ዕቅዳችሁን በዚህ ላይ አትመሥርቱ።

ቢቢሲ፦ ዊምብልደን ብቻ ለሚበቃው

በእኛ ግምት ከሦስቱ ጥራቱም ዋጋውም የሚደነቀው ይህ ነው። ወጪው የቲቪ ላይሰንስ፣ ማለትም ቴሌቪዥን ለማየት በሕግ የሚከፈለው ፈቃድ፣ ብቻ ነው፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር፣ በወር ሲካፈል 14.54 ገደማ።

ማስታወቂያ አለመኖሩ በቴኒስ ላይ ከሌሎች ስፖርቶች ይበልጥ ይጠቅማል። ተጫዋቾች ጎን ሲቀያየሩ የሚሰጣቸው እረፍት 90 ሰከንድ ነው። የማስታወቂያ ጣቢያ ያቺን 90 ሰከንድ ይሞላባትና አንዳንዴ የመጀመሪያው ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ከተመታ በኋላ ይመለሳል። ቢቢሲ ግን ወንበሩ ላይ ያለውን ተጫዋች ያሳያችኋል፦ ራኬት ይለውጣል፣ እግሩን ያሻል፣ ወደ አሠልጣኙ ቀና ይላል። ጨዋታው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚያ ነው። የአስተላላፊዎቹ ቁጥብነትም የቆየ ልማድ ነው። ከ1951 እስከ 1991 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው ዳን ማስከል ኳስ ሜዳ ላይ እያለች ዝም በማለት ይታወቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ ከእሱ ይልቅ ያወራሉ፣ ቢሆንም ከሌሎቹ ጣቢያዎች ረጋ ይላሉ።

በርካታ ሜዳዎችን መርጦ ማየት በ2001 በሪሞቱ ቀይ ቁልፍ የተጀመረ ነው። ከ2018 ወዲህ ካሜራው 18ቱንም ሜዳዎች ስለሚሸፍን የቢቢሲ የኢንተርኔት መመልከቻ በሆነው በአይፕሌየር የፈለጋችሁትን ሜዳ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጣዕም ያለው እዚህ ነው፤ ዋናው ቻናል ስመ ጥሮቹን ሲከተል፣ አምስት ሰዓት የሚፈጀው ትግል ብዙ ጊዜ ቁጥር 12 ወይም ቁጥር 18 ሜዳ ላይ ነው። 2010 ላይ አሜሪካዊው ኢዝነርና ፈረንሳዊው ማሁ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የተጫወቱት ቁጥር 18 ላይ ነበር።

በአነስተኞቹ ሜዳዎች ጨዋታ በ11:00 ይጀምራል፣ ቁጥር 1 ሜዳ በ13:00፣ ዋናው ሜዳ ሴንተር ኮርት በ13:30። ፍፃሜዎቹ ከ2025 ጀምሮ በ16:00 ሆነዋል። ምሽት ላይ ጨዋታ ከ23:00 አያልፍም።

የቢቢሲ ትልቁ ችግር የቻናል መቀያየር ነው። አንድ ጨዋታ ቢቢሲ ዋን ላይ ተጀምሮ የ18:00 ዜና ሲደርስ ወደ ቢቢሲ ቱ ይዛወራል፣ አንዳንዴም ይመለሳል። በቻናል የምትቀዱ ከሆነ ወሳኙ ክፍል ላይ ዜና ተቀድቶ ታገኛላችሁ። ስለዚህ በአይፕሌየር የሜዳውን የራሱን ስርጭት ተከተሉ። በአንቴና ወይም በዲሽ ሣጥን የምትቀዱ ደግሞ ሁለቱንም ቻናሎች ቅዱ፣ ከፍፃሜው ቀጥሎ ያሉትን ፕሮግራሞችም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጨምራችሁ ያዙ። የ2019 የወንዶች ፍፃሜ 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጅቷል፤ በፕሮግራሙ ሰዓት የሚቆም መቅጃ እንዲህ ያለውን መጨረሻ አያገኘውም።

ከዊምብልደን በፊት በለንደን የሚካሄደው የኩዊንስ ውድድርም በ2025 ቢቢሲ ላይ ነበር፤ የሴቶቹ ጨዋታ ከ52 ዓመት በኋላ ወደዚያ ሜዳ የተመለሰው በዚያ ዓመት ነው። አይፕሌየር ከብሪታንያ ውጭ አይሠራም። በጁላይ ለእረፍት አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የምትሄዱ ከሆነ እዚያ ባለው ጣቢያ ለማየት አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ቲኤንቲ ስፖርትስ፦ ጃንዋሪና የሜይ መጨረሻ

በወር 30.99 ፓውንድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የኢንተርኔትና የስልክ ውላችሁን አንብቡ፤ ከአንዳንድ ጥቅሎች ጋር ተካቶ ስለሚመጣ ያላችሁን ነገር ሁለተኛ እንዳትገዙ። በተቃራኒው በ2025 የዲስከቨሪ ፕላስ ርካሹ ደረጃ ቲኤንቲን አይጨምርም ነበር፤ መተግበሪያው ተከፍቶ ጨዋታው ይቆለፍ የነበረው ለዚህ ነው።

የአውስትራሊያ ኦፕን ሰዓቱ ከባድ ነው። በጃንዋሪ ሜልቦርን ከለንደን በ11 ሰዓት ስለምትቀድም የቀኑ ጨዋታ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት 00:00 ላይ ነው፤ የምሽቱ ደግሞ እዚህ ጠዋት 08:00። ሥራ የሚሄድ ሰው ቀጥታውን የሚያየው በሁለቱ ቅዳሜና እሁዶች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፍፃሜዎቹ ግን ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 08:30 አካባቢ ስለሚጀምሩ ከቁርስ ጋር ይታያሉ። ሜልቦርን ውስጥ ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ጨዋታ እዚህ ቀን ላይ ይወድቃል፦ በ2023 ብሪታንያዊው አንዲ መሪ አውስትራሊያዊውን ኮኪናኪስን አሸንፎ ሲጨርስ እዚያ ከሌሊቱ 04:05 ነበር፣ እዚህ 17:05። ሌሊቱን መንቃት ለማትችሉ ዋናው ጉዳይ ሙሉ ድግግሞሹ ነው። ፈልጋችሁ ስትከፍቱ ውጤቱ ከፊት ለፊት ተጽፎ እንዳይጠብቃችሁ በዕለቱ ዋና ገጽ ሳይሆን በውድድሩ ዝርዝር በኩል ግቡ።

ሮላን ጋሮስ ለብሪታንያ ተመልካች ምቹ ነው። ጨዋታ በ10:00 ይጀምራል፣ የምሽቱ አንድ ጨዋታ በ19:15፣ ፍፃሜው በ14:00። በቀይ አፈር ላይ ኳስ ስለሚዘገይ ምልልሱ ይረዝማል፤ በትንሽ ስክሪን ወይም በስልክ ለሚያይ ሰው ከሣር ሜዳ ይልቅ ለዓይን ይቀላል።

ቲኤንቲ ከ2025 ጀምሮ የዊምብልደንን ፍፃሜዎች ከቢቢሲ ጋር በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ የየቀኑ ቅንጭብም አለው። ለዊምብልደን ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ያው ጨዋታ ቢቢሲ ላይ አለ።

ስካይ ስፖርትስ፦ ዓመቱን ሙሉ ለሚከታተል

የወንዶቹ ተጫዋቾች አልካራዝና ሲነር በማድሪድ፣ በሮም ወይም በሻንጋይ ሲገናኙ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ያላችሁ ምርጫ ስካይ ነው። ለቴኒስ ብቻ የተለየ ቻናል የከፈተው በፌብሩዋሪ 2024 ሲሆን በዚያው ዓመት ኦገስት ስካይ ስፖርትስ ፕላስ ሲጨመር የሌሎች ሜዳዎች ስርጭትም ሰፋ። ከአማዞን ዘመን ጋር ሲወዳደር ትልቅ ለውጥ ነው። አማዞን በ2018 የመጀመሪያውን ዩኤስ ኦፕን ሲያሳይ ተመልካቾች በምስሉ ጥራትና ያለፈ ጨዋታ መልሶ ማየት ባለመቻሉ አጥብቀው አማርረው ነበር።

የስካይ ዲሽ ወይም ጥቅል የሌላችሁ የስካይ በሆነው በናው መተግበሪያ መግባት ትችላላችሁ፦ የአንድ ቀን 14.99፣ የአንድ ወር 34.99 ፓውንድ። ሁለት ቀን 29.98፣ ሦስት ቀን 44.97 ይመጣል፤ ስለዚህ ከሁለት ቀን በላይ ካያችሁ ወሩን ግዙ።

የቀን ክፍያ የሚቆጥረው ከከፈታችሁበት ደቂቃ ጀምሮ 24 ሰዓት ነው። የዩኤስ ኦፕን የሴቶች ፍፃሜ ቅዳሜ 21:00፣ የወንዶቹ እሁድ 19:00 ነው። አንዱን ቀን ቅዳሜ 21:00 ብትከፍቱት እሁድ 21:00 ላይ ይዘጋል፤ የወንዶቹ ፍፃሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ይደርሳችኋል። በ2025 ደግሞ በበር ላይ በነበረው የፀጥታ ፍተሻ የወንዶቹ ፍፃሜ ዘግይቶ ስለጀመረ ከሁለት ሰዓትም ባነሰ ነበር። ሁለቱን ፍፃሜዎች ለሚፈልግ ሰው በ29.98 እና በ34.99 መካከል ያለው 5 ፓውንድ ነው። በ5 ፓውንዱ ግማሽ ፍፃሜውንም ታገኛላችሁ።

በዩኤስ ኦፕን የቀኑ ጨዋታ በ16:00 ገደማ ይጀምራል፣ የማታው እኩለ ሌሊት ላይ። ከሥራ መልስ የሚታየው የቀኑ ክፍል ነው።

ሂሳቡ ሲሠራ

አራቱንም ግራንድ ስላሞች ለማየት ቲኤንቲን በጃንዋሪ አንድ ወር፣ በሜይ መጨረሻ አንድ ወር፣ ናውን ከኦገስት መጨረሻ አንድ ወር ያዙ፦ 30.99 ሲደመር 30.99 ሲደመር 34.99፣ በጠቅላላ 96.97 ፓውንድ። ሁለቱን ዓመቱን ሙሉ ብትይዟቸው 371.88 እና 419.88፣ አንድ ላይ 791.76 ይሆናል። ላይሰንሱ በሁለቱም ላይ ይጨመራል።

ይህ የሚሠራው ወሩን በትክክለኛው ቀን ከጀመራችሁ ነው። ዋናው ውድድር በሦስቱም 15 ቀን ስለሚፈጅ አንድ ወር ይበቃል፤ ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ፍፃሜው ላይ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ዋናው ውድድር በሚጀምርበት እሁድ ክፈቱ፣ ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ሰርዙ። የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ማየት አትከለከሉም። ፍፃሜውን አይቶ እሰርዛለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ረስቶ ሁለተኛ ወር ይከፍላል።

ላይሰንስ፣ በተለይ ክፍል ተከራይታችሁ ለምትኖሩ

ማንኛውንም ጣቢያ በቀጥታ ስርጭቱ ካያችሁ፣ በስልክም ቢሆን፣ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ለስካይና ለቲኤንቲ መክፈላችሁ ከዚህ ነፃ አያወጣችሁም። አይፕሌየር ደግሞ ያለፈውን ለማየትም ይጠይቃል። ዩቲዩብ ላይ ውድድሮቹ የሚለቋቸውን ቅንጭቦች ብቻ የሚያይ ሰው ግን አያስፈልገውም። ያለ ላይሰንስ መገኘት እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ቤቱን በአንድ የጋራ ውል የተከራያችሁ ከሆነ አንድ ላይሰንስ ለሁሉም ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው ለክፍሉ የተለየ ውል ካለው ግን በአብዛኛው ለየክፍሉ ያስፈልጋል፤ ብዙ ወገኖቻችን ደብዳቤ የሚደርሳቸው ይህን ሳያውቁ ነው። ቤቱ ላይሰንስ ያለው ሰው ከቤት ውጭ በስልኩ ማየት ይችላል፣ ስልኩ በራሱ ባትሪ እስከሠራና ከግድግዳ ሶኬት እስካልተሰካ ድረስ።

ምስሉና መዘግየቱ

በቴኒስ ከምስሉ ስፋት ይልቅ የሚያስፈልገው በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የተመታ ሰርቭ በሰከንድ 55 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ ስርጭት ላይ ኳሷ ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ 2.2 ሜትር ትዘላለች፤ 50 ላይ ግን 1.1 ሜትር። ሰርቩ ጠፍቶ ድንገት መረቡ ጋ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ኢንተርኔቱ ሲደክም ምስሉ ከመደብዘዝ አልፎ ይቆራረጣል። ለአይፕሌየር ኤችዲ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል፤ ለሙሉው 4ኬ ወደ 24 ይጠይቃል። ናው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው 720 መስመር ነው፤ ከ40 ኢንች በላይ በሆነ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

ቴሌቪዥናችሁ ላይ የምስል ማጽጃ ወይም ማለስለሻ የሚባለውን ማስተካከያ አጥፉት። ፈጣንና ትንሽ ነገርን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ስለሚያደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ኳሷ ናት። ቀለሙን እጅግ የሚያደምቀው ምርጫም አይጠቅምም፤ ሣሩ ሲያበራ ቢጫዋ ኳስ ትዋጣለች።

በኢንተርኔት የሚመጣው ስርጭት በአንቴና ወይም በዲሽ ከሚመጣው በ30 ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይጠናቀቃልና የውጤት ማሳወቂያውን ስልካችሁ ላይ ዝጉ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው በቢቢሲ ሬድዮ 5 ላይቭ ማዳመጥ የሚወዱም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ሬድዮው ቀድሞ ይናገራል። ዊምብልደንን በአንቴና ካያችሁ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በመተግበሪያ ካያችሁ ሬድዮውንም በቢቢሲ ሳውንድስ በኩል ክፈቱት፣ ከዚያ ሰርቭ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከምስሉ ጋር እስኪገጥም የቀደመውን ለአፍታ እያቆማችሁ አስተካክሉ።